የሚበራና የሚሞቅ የመታጠቢያ ቤት መስታወት፦ ሁለት ሽቦ ብቻ በመጣበት ግድግዳ ላይ እንዴት ይገጠም?

የለገጣፎዋ

ጤና ይስጥልኝ። ቤቱ ለገጣፎ ነው፣ ፎቅ የለውም፤ ግድግዳው ብሎኬት፣ ሴራሚኩ ተለጥፎ አልቋል። መስታወቱ 60 በ80 ሳንቲ ሜትር ሲሆን ዙሪያውን ኤልኢዲ፣ ከጀርባው ደግሞ እንፋሎት እንዳይዘው የሚያሞቅ ስስ ንጣፍ አለው። ጀርባው ላይ የተጻፈው፦ ከ220 እስከ 240 ቮልት፣ 50 ኸርዝ፣ መብራት 30 ዋት፣ ማሞቂያ 50 ዋት፣ አይፒ 44። ክፈፉ አሉሚኒየም ነው። የሚወጡለት ሽቦዎች ሦስት ናቸው፦ ቡናማ፣ ሰማያዊና ቢጫ-አረንጓዴ።

ከእጅ መታጠቢያው በላይ ለመብራት ተብሎ የተተወው ግን ሁለት ሽቦ ነው። ሻወሩ ጥግ ላይ ነው፣ መከለያም ሳህንም የለውም፣ ውኃው ወለሉ ላይ ይፈሳል። ከሻወሩ ራስ እስከ መስታወቱ የቅርብ ጠርዝ 1 ሜትር ከ40 ለካሁ። ቦርዱ ላይ ያሉት ተራ ብሬከሮች ብቻ ናቸው፦ ለመብራት 10፣ ለሶኬት 16፣ ለቦይለር 20 አምፔር።

ሦስት ነገር እጠይቃለሁ። የመብራቱ መስመር ይችለዋል ወይ? ቢጫ-አረንጓዴውን ምን ላድርገው? ከሻወሩ ያለው ርቀትስ ይበቃል?

ባለመልቲሜትሩ

የመጀመሪያው ቀላል ነው። 30 ሲደመር 50፣ 80 ዋት። ለ220 ስታካፍይው 0.36 አምፔር ይሆናል። የመብራት መስመር አብዛኛውን ጊዜ 1.5 ሚሊ ሜትር ካሬ ሽቦ ነው፤ 10 አምፔር ብሬከር ሥር ይህ ጭነት ምንም አይደለም። ብሬከሩን ወደ 6 አምፔር ብታወርጂው ደግሞ የተሻለ፣ የቤቱ አምፖሎች ሁሉ ኤልኢዲ ከሆኑ ይበቃል።

ሽቦው ግን በእርግጥ ኮፐር መሆኑን እዪ። አንዳንዱ ከላይ ኮፐር የተቀባ አሉሚኒየም ነው። ጫፉን በቢላ ፋቅ ስታደርጊው ውስጡ ነጭ ከሆነ አሉሚኒየም ነው፤ ብሎን ሥር እየላላ ይሄዳል፣ የላላ ቦታ ደግሞ ይሞቃል። እንዲህ ከሆነ መስመሩን ቀይሪው።

የከበደው ሁለተኛው ጥያቄሽ ነው። ለእሱ የሚቀርቡት ሌሎች ስላሉ ለእነሱ ልተወው።

ሦስተኛው ሽቦ

እህቴ፣ ቢጫ-አረንጓዴውን ቆርጠሽ በናስትሮ ጠቅልለሽ እንዳትተዪው። ብዙ ቤት የሚደረገው ይኸው ነው፣ መብራቱም ይበራል፣ ማሞቂያውም ይሞቃል፣ ማንም ችግር አያይም። ችግሩ የሚታየው ከውስጥ አንድ የፌዝ ሽቦ ሽፋኑ ተላጦ አሉሚኒየሙን የነካ ቀን ነው። ክፈፉ ሙሉ 220 ቮልት ይይዛል፣ ብሬከሩም አይወርድም፤ ኮረንቲው የሚሄድበት መንገድ የለውማ። መንገድ የሚሆነው እርጥብ ወለል ላይ ባዶ እግሩን ቆሞ ክፈፉን የሚነካው ሰው ነው።

መጀመሪያ መስታወቱ ላይ አንድ ምልክት ፈልጊ፦ አራት ማዕዘን ውስጥ ሌላ አራት ማዕዘን። እሱ ካለ ድርብ ሽፋን ያለው ነው ማለት ነው፣ ግራውንድ (ወደ መሬት የሚወስድ መከላከያ ሽቦ) አይፈልግም። ያንቺው ግን ሦስተኛ ሽቦ ስላወጣ ግራውንድ የግድ የሚያስፈልገው ዓይነት ነው።

ሁለተኛ፣ ቤቱ ራሱ ግራውንድ አለው ወይ? ሶኬት ላይ ሦስተኛው ቀዳዳ ወይም የጎን ብረቶቹ መኖራቸው ግራውንድ አለ ማለት አይደለም። ከተማው ዳር በተሠሩ ብዙ ቤቶች ከሶኬቱ ጀርባ የትም የማይደርስ ሽቦ ነው ያለው። ቆጣሪው አጠገብ ወይም ግቢው ውስጥ ወደ መሬት የሚገባ የኮፐር ዘንግና ከሱ ወደ ቦርዱ የሚሄድ ወፍራም ሽቦ ካላየሽ የለም ብለሽ ያዢ።

ፒንሳና ካቻቢቴ

ዘንግ መቅበር ወጪ ነው። በአቅራቢያው ያለውን ኒውትራል ከግራውንዱ ሽቦ ጋር ማገናኘት አይበቃም? ብዙ ሠራተኛ እንደዚያ ነው የሚያደርገው፣ ቴስተር ሲነኩትም አይበራም።

ሦስተኛው ሽቦ

አይበቃም ብቻ አይደለም፣ ምንም ግራውንድ ካለመኖሩ የባሰ ነው። ኒውትራሉ ከምሰሶው እስከ ቤትሽ አንድ ቦታ ቢበጠስ ወይም ቢላላ፣ በርቶ ባለ አምፖል ውስጥ ያለፈው ፌዝ በኒውትራሉ ወደ ኋላ ይመለሳል። ኒውትራሉን ከክፈፉ ጋር ካሰርሽው በዚያች ቅጽበት መስታወቱ፣ ቦይለሩ፣ የልብስ ማጠቢያ ማሽኑ፣ ሁሉም 220 ይይዛሉ። ያኔ ምንም ዕቃ አልተበላሸም፤ የላላው ውጭ ያለው ሽቦ ብቻ ነው። ምሰሶ ላይ ያለ ማያያዣ በነፋስና በዝናብ የሚላላበት ሰፈር ውስጥ ይህን ማድረግ ሰው ለመግደል ማመቻቸት ነው። ያደረገው ሠራተኛ ቢሆንም ፍቱት።

ቱሉ ዲምቱ

ትክክል። በዚያ ላይ አርሲዲ (ኮረንቲ ወደ መሬት ወይም ወደ ሰው ሲያፈተልክ መስመሩን የሚቆርጥ መሣሪያ) ሲገባ ይህ የኒውትራልና የግራውንድ ድልድይ ካለ አርሲዲው በየጊዜው ይወርዳል፣ ወይም ሳይወርድ የሚቀርበት ሁኔታ ይፈጠራል።

ስለ አርሲዲ ሰፋ አድርጌ ልጻፍ፣ መፍትሔው ያለው እዚህ ጋ ነው። ግራውንድ ቀበርን እንበል። እኛ ጋ የአንድ ዘንግ ተቃውሞ 100 ኦም ቢሆን የሚገርም አይደለም። ፌዙ ክፈፉን ሲነካ የሚፈሰው 220 ለ100 ሲካፈል 2.2 አምፔር ነው። 10 አምፔር ብሬከር በዚህ መቼም አይወርድም። ስለዚህ ዘንግ ብቻውን ቤቱን አያድንም፣ ክፈፉ ኮረንቲ ይዞ ይቆያል። 30 ሚሊ አምፔር አርሲዲ ግን 2.2 አምፔሩን ሲያይ ወዲያው ይቆርጣል። በስሌት 30 ሚሊ አምፔር ለሆነው እስከ 1667 ኦም ድረስ ይሠራል፤ አፈሩ ሲደርቅ ተቃውሞው ስለሚጨምር ግን ከ100 በታች ለማድረግ ልፉ።

ሁለቱ አብረው ነው የሚሠሩት። አርሲዲ ያለ ግራውንድም ይቆርጣል፤ በፌዝና በኒውትራል መካከል ያለውን ልዩነት ነው የሚለካው። ግን ያለ ግራውንድ የሚቆርጠው ሰው ነክቶ ኮረንቲው በሰውየው ውስጥ ካለፈ በኋላ ነው። ግራውንድ ካለ ማንም ሳይነካው፣ ጉዳቱ በደረሰበት ቅጽበት ይወርዳል።

ሲገዛ የሚታየው፦ 30 ሚሊ አምፔር (100 ወይም 300 ለሰው ሕይወት አይሆንም)፣ ባለ ሁለት ፖል፣ ዓይነቱ ቢቻል ኤ። የኤልኢዲ ድራይቨር (ቮልቱን ለኤልኢዲው የሚያስተካክለው ዕቃ) የሚያፈሰው ኮረንቲ ንጹሕ ሞገድ ላይሆን ስለሚችል ኤሲ ከተባለው ኤ ይሻላል። ፊቱ ላይ ያለውን ሥዕል እዩ፤ አንድ ሞገድ ብቻ ከሆነ ኤሲ ነው፣ ከሞገዱ ሥር የተቆራረጡ ጉብታዎች ካሉበት ኤ ነው። አርሲዲና ብሬከር በአንድ ዕቃ የያዘውን ለመታጠቢያ ቤቱ ብቻ ብታስገቢ ቦይለሩ ኮረንቲ ባፈሰሰ ቁጥር ቤቱ ሁሉ አይጨልምም።

ሲገጠም የሚበላሸው አንድ ነገር አለ። የዚያ መስመር ኒውትራል የግድ ከራሱ ከአርሲዲው መውጫ መነሳት አለበት። ስካቶላ ውስጥ የሌላ ክፍል ኒውትራል ከተበደረ መብራቱ እንደበራ ይወርዳል። ሰው «አርሲዲው አይረባም» ብሎ የሚያወጣው አብዛኛውን ጊዜ በዚህ ምክንያት ነው።

የለገጣፎዋ

ገባኝ። ዘንጉ ስንት ይሁን? አፈሩስ ልዩነት አለው?

ቱሉ ዲምቱ

ኮፐር የለበሰ ብረት ሆኖ ውፍረቱ 16 ሚሊ ሜትር ገደማ፣ ርዝመቱ ከ1.5 እስከ 2.4 ሜትር። ከዘንጉ እስከ ቦርዱ 16 ሚሊ ሜትር ካሬ ሽፋን ያለው ኮፐር ሽቦ። ማሰሪያው የነሐስ ይሁን፣ የሚታይና የሚፈተሽ ቦታ ላይ፤ አፈር ውስጥ እንዳይጠፋ።

አፈር ትልቅ ልዩነት አለው። በዚህ በኩል ያለው ጥቁር ኮትቻ በክረምት እርጥብ ሆኖ ጥሩ ያስተላልፋል፤ በበጋ ግን ይሰነጠቅና ከዘንጉ ይላቀቃል። ሐምሌ ላይ ተለክቶ ጥሩ የነበረ ቁጥር መጋቢት ላይ ሌላ ነው። ስለዚህ ልኬቱ በደረቁ ወራት ይሁን። ዘንጉም ስንጥቁ ከሚደርስበት ጥልቀት ያለፈ ቢገባ ይመረጣል፣ ባይሆን ሁለት ዘንግ ቢያንስ በዘንጉ ርዝመት ልክ አራርቆ ማገናኘት። ወደ እንጦጦና ወደ የካ አቀበት በኩል ደግሞ ድንጋይ ነው፣ አይገባም፤ ቦይ ቆፍሮ ኮፐሩን አግድም መቅበር ይሻላል። ጨው መጨመር የሚመክሩ አሉ። ጨው በዝናብ ይታጠባል፣ ማሰሪያውንም ይበላል፤ ተዉት።

ከቆጣሪው ወደ ውጭ ያለው ሁሉ የመብራት ኃይል ነው፣ ማኅተሙን አትንኩ። ዘንጉንና አርሲዲውን ፈቃድ ያለው ኤሌክትሪሺያን ያስገባው፣ መሬቱንም በመለኪያ ይለካው። ያለ ልኬት የተቀበረ ዘንግ ግምት ነው።

ብሎኬት በሺ

ርቀቱን በተመለከተ። ዓለም አቀፉ የመታጠቢያ ቤት ደንብ ሳህን ለሌለው ሻወር ከውኃው መውጫ 1 ሜትር ከ20 ድረስ፣ ከፍታው እስከ 2 ሜትር ከ25 ያለውን ቦታ አደገኛ ክልል ይለዋል። የእርስዎ 1.40 ነው፣ ከክልሉ ውጭ ነው። በእጅ የሚያዝ ሻወር ቢሆን እንኳ የሚለካው ከግድግዳው ቋሚ መውጫ ነው። ግን ውኃው የት እንደሚደርስ በዓይንዎ ይዩት፤ አይፒ 44 ርጭት ይቋቋማል፣ በቱቦ ተነጣጥሮ የሚመጣ ውኃ አይቋቋምም። የቤት ሠራተኛዋ ሴራሚኩን በጎማ የምታጥብ ከሆነ ይንገሯት።

ርቀቱ ከ1.20 በታች ለሆነባችሁ፣ በተለይ ጠባብ የኮንዶሚኒየም መታጠቢያ ቤት ላላችሁ፣ በ220 የሚሠራውን መስታወት ተዉት። በ12 ቮልት የሚሠራ ኤልኢዲ ወስዳችሁ ድራይቨሩን ከክፍሉ ውጭ አድርጉት።

የሱሉልታ ነፋስ

አንድ ጥያቄ ልጨምር። መታጠቢያ ቤቱ ውስጥ የመብራት ሽቦ ከሌለ ከቦይለሩ መስመር ቢወሰድስ? ሽቦው ወፍራም ነው፣ ለ80 ዋት ይተርፋል።

ባለመልቲሜትሩ

ወፍራምነቱ ሳይሆን ብሬከሩ ነው ችግሩ። የቦይለር መስመር 20 አምፔር ይሆናል፤ ወዲያው የሚያሞቅ የሻወር ማሞቂያ ከሆነ 25 ወይም 32። ከዚያ ላይ 1.5 ሚሊ ሜትር ካሬ ወይም የመስታወቱን የራሱን 0.75 ቀጭን ገመድ ብትቀጥልበት፣ ቀጭኑ ሽቦ ሲሞቅ ብሬከሩ ገና ምንም አያውቅም። ሽቦው ራሱ ቫልቮላ ይሆናል ማለት ነው፣ ከሴራሚክ ጀርባ። የግድ ከሆነ በመሃል 3 አምፔር ቫልቮላ ያለው ማብሪያ ማጥፊያ ከመታጠቢያ ቤቱ ውጭ አስገባ። ከሳሎን መብራት ስካቶላ አዲስ መስመር መሳብ ግን ከዚህ ይሻላል። ዲቫይደር በበር ሥር አሳልፎ መሰካትማ አይታሰብም።

ሦስተኛው ሽቦ

ወደ ሦስተኛው ሽቦ ልመለስ። ግድግዳ ውስጥ ያለው ኮንዲዊት (የሽቦ ቱቦ) ካልተጨፈለቀ በነበሩት ሁለት ሽቦዎች ሦስት አዲስ ሳቢባቸው፦ ፌዝ፣ ኒውትራል፣ ቢጫ-አረንጓዴ፣ ሁሉም 1.5። ሦስተኛውን ከነበሩት ጎን ለመግፋት አትሞክሪ፣ ሽፋናቸውን ይልጣል። ካልተሳበ ግራውንዱን ለብቻው በሌላ ኮንዲዊት ማምጣት ይቻላል፤ ያኔ ግን ብቻውን ስለሆነ 2.5 ይሁን፣ ያለ ኮንዲዊት ከሆነ ደግሞ 4። ከውኃ ቧንቧ ጋር አታገናኙት፣ ዛሬ ቧንቧው ብዙ ቦታ ፕላስቲክ ነው።

የሱሉልታ ነፋስ

ለእኛ ከፍታ የሚመለከት ነገርም አለ። ከቻይና በሚመጡ ድራይቨሮች ላይ ተራራ ሥዕልና 2000 ሜትር የሚል ምልክት አለ፤ ከ2000 ሜትር በላይ እንዳይጠቀሙበት የሚል ነው። አዲስ አበባ ከ2300 በላይ ነው፣ ሱሉልታ ከዚያም ይበልጣል። አየሩ ስስ ሲሆን በሁለት ባዶ ብረቶች መካከል ኮረንቲ ለመዝለል ይቀልለዋል፤ ለ3000 ሜትር ክፍተቱ በ1.14 እንዲባዛ ነው ደንቡ የሚጠይቀው። ምልክቱ ያለበትን ትታችሁ 3000 ወይም 5000 የተጻፈበትን ምረጡ። ብዙ ሻጭ ይህን አያውቅም፣ ገልብጣችሁ ራሳችሁ አንብቡት።

ፒንሳና ካቻቢቴ

የኒውትራሉ ነገር ገብቶኛል፣ አመሰግናለሁ። ሌላ ጥያቄ፦ ከአሜሪካ በዘመድ የሚላክ መስታወት አለ። መብራቱ ከ100 እስከ 240 ይላል፤ ስለ ማሞቂያው ግን የተጻፈ የለም።

ባለመልቲሜትሩ

መብራቱ ስለሠራ ማሞቂያውም ይሠራል ማለት አይደለም። ድራይቨሩ ቮልቱን ያስተካክላል፣ ንጣፉ ግን ተራ ሬዚስተር ነው። የ120 ቮልት ንጣፍ 220 ላይ ቢገባ ኃይሉ 3.4 እጥፍ ገደማ ይሆናል፤ 50 ዋቱ 168። መስታወቱ ይሰነጠቃል ወይም ሙጫው ይቃጠላል።

ሳትሰካው ለካ። የንጣፉን ሁለት ሽቦ ለብቻ ለይተህ በኦም አንብብ። 50 ዋት የሆነ የ220 ቮልት ንጣፍ 970 አካባቢ፣ የ240 ከሆነ 1150 አካባቢ ያነባል። 290 ካነበበ የ120 ነው። በዚያው ከአንዱ ሽቦ ወደ ክፈፉ ለካ፤ ምንም ማንበብ የለበትም። ቀለሙም ይለያል፦ እነሱ ጋ ጥቁሩ ፌዝ፣ ነጩ ኒውትራል፣ አረንጓዴው ግራውንድ ነው። እኛ ጋ በድሮ ቤቶች ጥቁሩ ኒውትራል ሆኖ ስለሚገኝ በቀለም አትመን፣ ለክተህ እመን።

ቮልት መዋዠቅም እዚሁ ይገባል። ኃይሉ በቮልቱ ካሬ ነው የሚሄደው። 180 ቮልት ሲሆን 50 ዋቱ 33 ይሆናል፣ ለዚህ ነው ማታ ማታ መስታወቱ የማይጠራው። 250 ሲገባ 65 ይሆናል።

ብሎኬት በሺ

መግጠሙ ላይ የሚሰበረው ብዙ ስለሆነ ልናገር። የ5 ሚሊ ሜትር መስታወት በ60 በ80 ብቻውን 6 ኪሎ ነው፤ ከክፈፉ ጋር 9 እና 10 ይደርሳል። ብሎኬት ባዶ ነው፣ አጭር ፊሸር ቀዳዳው ውስጥ ይዞራል። ወይ በብሎኬቶቹ መካከል ያለውን ሙሌት ፈልጎ መብሳት፣ ወይ ከጀርባ የሚከፈት ረጅም ፊሸር መጠቀም። ሴራሚኩ ላይ ድሪሉን ሳይመቱ፣ በሴራሚክ መብሻ፣ ቀስ ብለው፤ ሴራሚኩ ካለፈ በኋላ ብቻ ወደ መምቻው። ከመብሳትዎ በፊት ሽቦው ከየት እንደመጣ ይወቁ። ከስካቶላው ቀጥ ብሎ ወደ ላይ ወይም ወደ ጎን ስለሚሄድ በዚያ መስመር ላይ አይብሱ።

ሲሊኮን፦ ኮምጣጤ የሚሸተውን አይግዙ። አሲዱ የመስታወቱን የጀርባ ብር ይበላል፣ ከጊዜ በኋላ ጠርዙ ይጠቁራል። ለመስታወት የሚል፣ የማይሸት ይሁን። ከላይና ከሁለቱ ጎን ይቀቡ፣ ታችኛውን ክፍት ይተዉት። የገባ እርጥበት የሚወጣበት ካላገኘ ድራይቨሩ ላይ ይጠራቀማል።

ማሞቂያውን ለብቻ ገዝተው ለሚለጥፉ፦ ንጣፉ አይቆረጥም፣ አይታጠፍም፣ ከሥሩ አየር አይተውም፣ ድራይቨርም ላዩ ላይ አይለጠፍም። አየር የቀረበት ቦታ ለብቻው ይሞቃል።

ቱሉ ዲምቱ

የሥራው ቅደም ተከተል፣ ለሚሠራው ሰው። የመስመሩን ብሬከር አውርድ፣ ላዩ ላይ ምልክት አድርግ። መልቲሜትሩን መጀመሪያ ኮረንቲ ባለበት የሌላ መስመር ሶኬት ላይ ሞክር፣ ከዚያ ሽቦዎቹን ከፌዝ ወደ ኒውትራል፣ ከፌዝ ወደ ግራውንድ፣ ከኒውትራል ወደ ግራውንድ ለካ፣ ከዚያ ተመልሰህ ሶኬቱን ለካ። በቴስተር ካቻቢቴ ብቻ አትተማመን፤ አንዳንዴ ኮረንቲ እያለ አይበራም።

አዲሱን መስመር መስታወቱን ሳታገናኝ በ500 ቮልት ሜገር (የሽቦ ሽፋን መለኪያ) ለካ፤ ደንቡ ከ1 ሜጋ ኦም በላይ ይላል፣ አዲስ ሽቦ ግን ከ100 በላይ ማንበብ አለበት። መስታወቱ ተያይዞ ከለካህ ድራይቨሩን ታቃጥላለህ። ከዚያ ግራውንዱን መጀመሪያ አገናኝ። ማያያዣው ክዳን ባለው ስካቶላ ውስጥ ይግባ፣ ገመዱ ከብሎኑ በፊት ይታሰር፤ መስታወቱ ሲጎተት መጀመሪያ የሚላቀቀው ግራውንድ እንዳይሆን ከሌሎቹ ትንሽ ረዘም አድርገው። ማብሪያ ማጥፊያው ከበሩ ውጭ ይሁን፣ የሚቆርጠውም ፌዙን ይሁን። ኮረንቲ ከተለቀቀ በኋላ የአርሲዲውን መሞከሪያ ቁልፍ ተጫን። ካልወረደ መስታወቱን አትጠቀሙበት።

የለገጣፎዋ

እግዚአብሔር ይስጥልኝ። ዘንጉና አርሲዲው መጀመሪያ ይገባሉ፣ መስታወቱ እስከዚያው በካርቶኑ ይቆያል። አንድ የቀረችኝ፦ ማታ ሲጠፋ ዙሪያው በጣም ደብዝዞ ይበራል የሚሉ አሉ። ለምንድን ነው? መብራት ሄዶ ሲመጣስ ማሞቂያው በርቶ ይቀራል?

ባለመልቲሜትሩ

ደብዝዞ የሚበራው አብዛኛውን ጊዜ ማብሪያ ማጥፊያው ኒውትራሉን ሲቆርጥ ነው። ፌዙ መስታወቱ ጋ ደርሶ ቆሟል፣ ትንሽ ኮረንቲ በገመዱና በክፈፉ በኩል ያልፋል፤ ለኤልኢዲ ያችም ትበቃለች። ጠፍቷል ብለሽ የምትነኪው መስታወት ፌዝ አለው ማለት ነው። ስካቶላው ላይ ፌዙንና ኒውትራሉን አስለውጪ።

ሁለተኛው እንደ መስታወቱ ይለያያል። አብርተሽው ዋናውን አውርደሽ መልሺው፣ ወዲያው ታውቂዋለሽ። በርቶ የሚመለስ ከሆነ 50 ዋት ቀን ከሌሊት በወር 36 ኪሎ ዋት ሰዓት ይቆጥራል፤ ስለዚህ ከቤት ስትወጪ ከበሩ ውጭ ያለውን ማብሪያ አጥፊው። ለመጥራት ከመታጠብሽ በፊት ከ5 እስከ 10 ደቂቃ ይበቃዋል።